ቀበሮው ከበሩ አይወርድም

ለውድ ወንድሜ ለሊበን፤ ጆሃንስበርግ።

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ብርዱስ? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ስታጎነብስ ይይዝሃል? ሀዊ ደህና ናት? ትንሿ ልጃችሁ ሮዛስ ጥርስ አወጣች? እኔና እማዬ በዚህ በኬንያዋ ሞያሌ አቧራ ከማስነጠሳችን በቀር ምንም አልሆንን፤ እግዜር ይመስገን። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን እማዬ «ሊበን ነው» እያለች ትነሳለች፤ ናፍቀኸናል።

ባለፈው ስንደዋወል «ወይ ቀበሮውን ቀብተሽ አጥፊው፣ ወይ ሱቁን ዘግተሽ እማዬን ይዘሽ ነይ» ያልከኝን ሳብላላው ከረምኩ። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። አሁን በጽሑፍ ልመልስልህ፦ አልዘጋም።

ገበያው ሸሽቶን እንደነበር አልክድህም። ልትሄድ ስትል በኢንተርኔት ሱቃችን በር ላይ የፋየርፎክስን ቀበሮ የሳልክ ጊዜ ከተማው ኢንተርኔት የሚከፍተው በእሱ ነበር። ኦቦ ዳባሶ «ፍየል ነጋዴ እንዴት ቀበሮ ቤት ይገባል?» እያሉ ይስቁብን ነበር፤ ይገቡም ነበር። ከእሱ በፊት የነገሠውን ሰማያዊውን ኤክስፕሎረር ዛሬ ስሙን የሚያነሳ የለም። በስልክ ደግሞ ዳታ ይቆጥባል ተብሎ ኦፔራ ያልጫነ ሰው አልነበረም። አሁን ተራው የክሮም ነው፤ ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። ከሜሩ ከተማ የመጣ ዴኒስ የሚባል ልጅ ከመንገዱ ማዶ ሳይበር ካፌ ከፍቶ፣ ያንን ባለብዙ ቀለም የክሮም ክብ ግድግዳውን ሙሉ ሳለው። ተማሪዎቹ በበራችን ሲያልፉ «ፋየርፎክስ ገና አልሞተም እንዴ?» ይሉኝ ጀመር። የቡቲዬ ሰፈር ደንበኞቻችን ሳይቀሩ ወደ ማዶ ተሻገሩ። የእማዬ መድኃኒት ከዚህች ሱቅ ነው፤ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

እኔም እልህ ያዘኝ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ላይ ክሮም ጫንኩ፤ ፋየርፎክስንም አላወጣሁም፤ ደንበኛው የወደደውን ይክፈት። እኔ የምሸጠው ጉልበቴን እንጂ ብሮውዘር አይደለም። ለከብት ነጋዴው የስዋሂሊውን ቅጽ በኦሮምኛ እያስረዳሁ የምሞላው፣ ሽማግሌ የማላጣድፈው እኔ ነኝ። ቀበሮውን ግን፣ አልዋሽህም፣ ምክርህን ሰምቼ ላጠፋው ነጭ ቀለም ገዛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንበር ላይ ቆሜ ገና ጅራቱን እንደሸፈንኩ ዴኒስ እየሮጠ መንገዱን ተሻገረ። «ዳዳ፣ እህቴ፣ ኧረ ተዪው! ደንበኞቼ በምን ያገኙኛል?» ይለኛል። ለካ ከጎዶማ ሰፈር ለሚመጣው ሰውም፣ ለቦዳቦዳ ሞተር ነጂውም «ቀበሮው ጋ ውረዱ፣ እኔ ከፊት ለፊቱ ነኝ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ያ ክብ እንደሆነ በየሱቁ ተስሏል፤ በእሱ ማን መንገድ ያገኛል? ከሳቄ ብዛት ከወንበሩ ልወድቅ ነበር። «እንግዲያው ብርቱካናማውን ቀለም አንተ ግዛ» አልኩት። ገዛ።

እናም ቀበሮህ እንደገና ደምቋል። ጅራቱን የሳልኩት እኔ ስለሆንኩ የበግ ላት መስሏል፤ ስታየው ትስቃለህ። ቀበሮው ጋ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። ማዶ ሳይሻገር ማስቀረት የእኔ ፈንታ ነው፤ ከዚህ ሳምንት ጀምሮም እያስቀረሁ ነው።

ሀዊን አቅፈህ ሳምልኝ፣ ሮዛን ጉንጯን። አብሯችሁ ለሚኖረው ለፉፋም «እናትህ ደህና ናት፣ ገበያ አገኘኋት» በልልኝ። እማዬ «ወገቡን በቅባት ይታሽ» ብላለች። ኦቦ ዳባሶም «ቀበሮውን ከፍየሌ አርቂልኝ» እያሉ ሰላም ብለውሃል። የቀለሙን ነገር እስካሁን የሚያነሳብኝ ዴኒስም ሰላም ብሎሃል፤ ሠዓሊው አንተ መሆንህን ነግሬዋለሁ።

እህትህ ጃለቱ
ሞያሌ፣ ኬንያ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.