ሰርግ የሌለው መጽሐፍ

ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ፤ የሄድሽበት አገር እንደ እናት ይያዝሽ። አክስትሽን ግን አይማራት። ከአገር ያሰደደሽን ባል "ጨዋ ነው" ብላ ያመጣችብን እሷ ናት።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ልብስ ስተኩስ አልቆም ብሎኛል። የምሠራበት ላውንደሪ ባለቤት በርጩማ ስጠይቀው "ተቀምጦ መተኮስ የት ታየ?" ይለኛል።

የላክሽልኝን ልብ ወለድ ጨረስኩት። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ሴትዮዋ ባሏን ትታ ወጣች፣ ክፍል ተከራየች፣ በሯን ቆልፋ ተኛች፤ በቃ አለቀ። ሌላ አላገባች፣ እሱም ተጸጽቶ እግሯ ላይ አልወደቀ። የሰርጉ ገጽ የተገነጠለ መስሎኝ መጽሐፍ ሻጩ ዘንድ ሄጄ ጮህኩበት።

"እማማ፣ የሚያልቀው እዚያው ነው" አለኝ እየሳቀ። "ሴት ናት የጻፈችው።"

ተናድጄ አልጋ ሥር ወረወርኩት። በማግስቱ ግን ጎንበስ ብዬ አወጣሁትና መጨረሻውን ደግሜ አነበብኩት። እኔ እኮ አባትሽ ሰክሮ እስኪገባ በር ከፍቼ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።

እሁድ አክስትሽ መጣች። "ጻፊላት እንጂ፣ ወደ ባሏ ትመለስ። ወንድ ሲቆጣ ይማታል፣ ሲበርድለት ያቅፋል" አለችኝ።

"የሰበረውን ጥርሷን ማን ይመልስላታል?" አልኳት።

"አንቺ ደግሞ ማንበብ ከቻልሽ ወዲህ አፍ አወጣሽ!" ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች።

ልጄ፣ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ፤ ደጅሽን ከክፉ ሰው ይጠብቅልሽ። እባክሽ፣ የክፍልሽ በር ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን ጻፊልኝ። እኔም ከእንግዲህ "ተመለሽለት" ብዬ አልጽፍልሽም።

እናትሽ