የጉልበት መርፌ

ኅዳር 4
ፀጉር ቤቱ ሲጨናነቅ ዋለ። ካስኩ ተበላሽቶ ደንበኞቼ ሳይደርቅላቸው ሄዱ። ማታ አማቴ የቀቀሉትን ሥር በፔርሙስ ይዘው መጡ። ማህፀን ያሞቃል፣ ልጅ ያስይዛል ይላሉ። አራት ዓመት ሙሉ... ጠጣሁላቸው። ባሌ ጂም ሲያሠለጥን ውሎ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል። የጂሙ ልጆች "ብረቱ" ነው የሚሉት። ስንት ለምኜው፣ ነገ ሐኪም ዘንድ አብሮኝ ሊመጣ ነው። ክንዱን አሳየኝ። "የኔን ምኑን ነው የሚመረምሩት?"

ኅዳር 5
ሐኪሟ ሁለታችንንም እኩል ጠየቀችን። እኔን ስለ ወር አበባ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ድሮ ሕመም። እሱን ስለ ሲጋራ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለሚወስደው መድኃኒት። ምንም አልወስድም አላት። ሁለታችንም ለምርመራ ናሙና ሰጥተን ወጣን።

ኅዳር 13
ውጤት መጣ። የኔ ሁሉም ደህና። የሱ... የለም። ትንሽ አይደለም፣ ደካማ አይደለም። አንድም የወንድ ዘር አልተገኘም። ሐኪሟ ቀስ ብላ ደገመችልን። ማሽናችሁ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ሳቀ። ብቻውን።

ኅዳር 14
ሳይነጋ ወደ ጂም ሄደ።

ኅዳር 20
ለምሳ ቤት ብቅ ብል ኩሽና ቆሞ ጭኑን መርፌ ይወጋል። ምንድነው አልኩት። መጀመሪያ ቫይታሚን ነው አለኝ። ቆይቶ የወንድ ሆርሞን። ጂም ውስጥ ብዙው ይወጋዋል፣ ጉልበት ይሰጣል... እሱ ከሠርጋችን በፊት ነው የጀመረው። ታዲያ ለሐኪሟ ለምን አልነገርካትም?
"መድኃኒት አይደለማ።"
ውጤቱን ከሰማ ወዲህ እጥፍ አድርጎታል።
"ለልጅ ብዬ ነው።"
ስልኬን አንስቼ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ ያዝኩ።

ኅዳር 22
ጎትቼ ወሰድኩት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ ሰውነት የበቃው ይመስለዋል፣ ዘር ማምረቱን ይተዋል አለችን። ወንድነት ይጨምርልኛል ብሎ የወጋው... ዘሩን ያጠፋው ያው እሱ ነው? መርፌውን በሷ ክትትል ያቆማል። ይመለሳል ወይ? ብዙዎች ላይ ይመለሳል፣ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ። ሁሉም ላይ ግን አይደለም።

መጋቢት 12
ሸሚዞቹ ሰፍተውታል። ጂም ውስጥ "ብረቱ ዛገ" እያሉ ይስቁበታል። ትናንት የተደገመው ምርመራ አሁንም ባዶ። አማቴ ፔርሙሳቸውን ይዘው መጡ። ኩባያውን ሊያቀብሉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ባሌ ቀደመኝ፦
"እማዬ፣ ችግሩ እኔ ጋ ነው።"
እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። ኩባያውን ወደሱ ገፉት።
"እንግዲያው አንተ ጠጣ።"
ተጎነጨ። ፊቱ ጭምድድ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።
"ይሄን ነው ስትጠጪ የኖርሽው?"
አዎ አልኩት።
ኩባያውን አላስቀመጠም። እያየኝ ጨለጠው።