በንብረት ክፍል ስለ ታሰረችው ብስክሌቴ ለአለቃዬ የጻፍሁት

ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
እንጅባራ

ለተከበሩ አቶ ትዕዛዙ ባንተአምላክ፣ ርዕሰ መምህር

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ርዕሰ መምህር፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ በገባበት ሰዓት ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ በዚህ የታኅሣሥ ውርጭ ወገብዎን እየያዘ የሚያስቸግርዎት ሕመምም ለቀቅ ያደረገዎት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለሁበት ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔ ቅር እንደሚያሰኝዎት ባውቅም ገና ከሰላምታው መዋሸት አልወደድሁም።

ደብዳቤዬን በግልጽ መጻፌና በከተማችን ፎቶ ኮፒ ቤቶች በር ላይ ማስለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት ያቀረብኋቸውን ሦስት ማመልከቻዎች «ይታያል» እያሉ በመሳቢያዎ ስላስቀመጧቸውና እስካሁን የታየ ነገር ስለሌለ፣ ምናልባት ብዙ ሰው ቢያየው ይታይ ይሆናል ብዬ ነው።

እርስዎ ቢያውቁኝም ለማያውቀኝ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜነሽ ዓለምነው እባላለሁ። ከእንጅባራ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ስሆን አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም የማልጠቅሰው ትምህርት ቤቱ ስላላጠፋ ነው። ባለቤቴ ሽባባው አናጺ ነው። ብሥራት የሚባል የስድስት ዓመት ልጅ አለን፤ ብርድና አቧራ ሲነካው የሚነሣ አስም አለበት።

ከስድስት ዓመት ወዲህ ከምንኖርበት ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅሁ ሁለት ዓመት ካረፈድሁ በኋላ፣ ባሕር ዳር ኮሌጅ ስማር የለመድሁት ነገር ትዝ አለኝና ከዚያው ከተማ አንድ ያገለገለች፣ ጎማዋ ወፍራም፣ ለዳገትና ለኮረኮንች የተሠራች ብስክሌት ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም። የአራት ዓመት የፊርማ መዝገብ በእጅዎ ስላለ ይህን ከማንም በላይ የሚመሰክሩልኝ እርስዎ ነዎት።

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲጠነክር፣ አቧራው ደግሞ ገና ሳይነሣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያሉት ቅዳሜዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቼ በከብቶች መሄጃ ወደ ጥርባ አፋፍ እወጣለሁ፤ ከላይ ሆኜ የጥርባን ሐይቅ ቁልቁል አያለሁ፤ ከዚያ በአደይ አበባው መካከል ፍሬኑን ለቀቅ፣ ያዝ እያደረግሁ እወርዳለሁ። በሳምንት ውስጥ የማንም እናት፣ የማንም ሚስት፣ የማንም መምህርት ያልሆንሁባት ሰዓት ያቺ ብቻ ናት። ሦስት ሰዓት ላይ ቤቴ ነኝ። ከሰዓት የተማሪ ፈተና አርማለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽባባው ግምጃ ቤት ከተማ ዳር ወዳለው የእናቱ እርሻ ሲሄድ ከልጄ ጋር የምውለው እኔ ነኝ። ይህ ውላችን በየትኛውም ጽሕፈት ቤት ማኅተም አልተመታበትም፤ ግን ያለ ጭቅጭቅ ሦስት ዓመት ዘልቆ ነበር። ለማፍረስ የእርስዎን ያህል የተጋ ሰው ስላላየሁ ድካምዎን በዝርዝር ላመስግን።

አንደኛ፤ በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት ቢሮዎ ጠርተው «ወላጆች እያጉረመረሙ ነው፤ ሴት መምህርት በብስክሌት ስትመጣ ተማሪው ምን ይማራል?» ብለው በአባትነት ስለ መከሩኝ አመሰግናለሁ። የትኛው ወላጅ እንደ ሆነ ስጠይቅ ስሙን የደበቁልኝ እንዳልቀየመው አስበው መሆን አለበት። በበኩሌ በዚያው ሳምንት ያገኘኋቸውን ወላጆች ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ ብቻ ቅሬታ ነበራቸው፤ እሱም የልጃቸው ወንበር እግሩ ተሰብሮ እስካሁን አለመጠገኑ ነው።

ሁለተኛ፤ ምክሩ በእኔ ብቻ እንዳይቀር ለባለቤቴ መደወልዎን ሳላነሣ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። «ሚስትህን ምከራት» አሉት። ሽባባው ቃል የሚያባክን ሰው አይደለም።

«ማስተማሩን በደለች?» ብሎ ጠየቀዎት።

«በማስተማሩስ ነቀፋ የለባትም» አሉት።

«እያረፈደች አስቸገረች?»

«ኧረ ከሁሉም ቀድማ ነው የምትገባው!»

«እንግዲያ ምን ብዬ ልምከራት?» ሲልዎት ኔትወርኩ እንቢ ብሎ ስልኩ ተቋረጠ። በዚያ ሰዓት በሌላ ሰው ስልክ ላይ ኔትወርክ አልጠፋም ነበር።

ከባል ያላገኙትን ከአማት ፈለጉት። ግምጃ ቤት ገበያ ድረስ ሄደው የባለቤቴን እናት እማማ ዘውድነሽን አገኟቸው። እርስዎ አዊኛ ስለማይሰሙ፣ እሳቸውም አማርኛው ስለሚከብዳቸው፣ አንዱን ድንች ነጋዴ አስተርጓሚ አደረጉ። የድንች ተራው በሙሉ ሥራውን አቁሞ የእኔን ጉድ ሰማ። እማማ ዘውድነሽ በማግሥቱ መጡ። ሦስት ቀን ከእጄ እህል ሳይቀምሱ ቤቴ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን እያስተካከሉ በአዊኛ «ስምሽን ገበያ ላይ ሰማሁት» አሉኝና ወጡ። ሳገባ እንደ ልጃቸው የተቀበሉኝ፣ ብሥራትን ስወልድ አርባ ቀን ያረሱኝ ሴት ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጄን አልረገጡም። ይህንን በአንድ የገበያ ቀን፣ ከሥራ ሰዓትዎ ላይ ቀንሰው ስለ ፈጸሙልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግን ቃል ያጥረኛል።

ሦስተኛ፤ በጥቅምት ወር ለስምንተኛ ክፍል የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት አወጡ። መልካም ሐሳብ ነው። ከሃያ ስድስት መምህራን የተመደብሁት እኔ ብቻ ሆንሁ፤ ሰዓቱም ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ሆነ። ለምን እኔ ብቻ ብዬ ስጠይቅ «አንቺ ቅዳሜ ጉልበት እንደሚተርፍሽ እናውቃለን» አሉኝ። ዳግመኛ ጥርባ አፋፍ ሳልወጣ አበባው ረገፈ። አልደብቅዎትም፣ አኩርፌ ነበር፤ ለሁለት ቅዳሜ ያህልም በባሌና በልጄ ላይ ያለ ጥፋታቸው ጮኼባቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ልጆቹ አላጠፉምና በሚገባ አስተማርኋቸው። ከአርባ አንዱ ተማሪ አንድም ቀርቶ አያውቅም።

አራተኛ፤ ኅዳር 8 ቀን «ማንኛውም ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ያለ ፈቃድ በግቢው ውስጥ እንዳይቆም» የሚል ሰርኩላር አወጡ። በግቢው ያለው ባለ ሁለት ጎማ የእኔ ብስክሌት ብቻ ስለ ሆነ መመሪያው ለማን እንደ ተጻፈ ለመረዳት አልተቸገርሁም። እኔ አራተኛ ክፍለ ጊዜ ሳስተምር ብስክሌቴን ንብረት ክፍል አስገብተው ቆለፉባት፤ ቁልፉንም ከንብረት ሠራተኛው ከሀብቱ ተቀብለው ኪስዎ ከተቱ። ማመልከቻ ጻፍሁ፤ «ይታያል» አሉ።

ኅዳር 11 ቀን ሐሙስ ነበር። ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ደወለች። «ብሥራት ትንፋሽ አጥሮታል፤ ባጃጅ እየፈለግሁ ነው፤ ድረሽ» አለችኝ። ሽባባው ጥሊሊ ከተማ በር ሊገጥም ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም። መንገድ ላይ ወጥቼ ቆምሁ። የገበያ ቀን ስለ ነበር ሚኒባሱም ባጃጁም ወደ ግምጃ ቤት ጠፍቷል። ሮጬ ወደ ሀብቱ ተመለስሁ። ሰውዬው የሁለቱንም ኪሶቹን ገበር ወደ ውጭ ገልብጦ አሳየኝ። «መምህርት፣ ቁልፉ ከጋሼ ጋ ነው፤ ለስብሰባ ዳንግላ ይዘውት ሄደዋል» አለኝ፤ እንባው መጥቶ ነበር።

ሰባት ጊዜ ደወልሁልዎት። በሰባተኛው አነሡና ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ጉዳዩን በጽሑፍ አቅርቢ» አሉኝ።

«ልጄ ታሟል» አልሁ።

«እሱንም ጨምረሽ ጻፊው» ብለው ዘጉት።

ይኸው ጨምሬ ጽፌዋለሁ።

ያ መንገድ ወደ ከተማ ሲሆን ቁልቁለት ይበዛዋል፤ በብስክሌት ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። በእግሬ አንድ ሰዓት ከሃያ ፈጀብኝ። መሮጥ ሲያቅተኝ እራመዳለሁ፤ መራመድ ሲያስፈራኝ እሮጣለሁ። መንገዱ መካከል ካለው ድልድይ ላይ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝሁ። ጤና ጣቢያ ስደርስ ልጄ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተደርጎለት፣ በጎረቤቴ ጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ነርሷ «ቶሎ መምጣቱ ነው የጠቀመው» አለችኝ፤ ያመጣችው ግን እኔ አልነበርሁም። ብሥራት ዓይኑን ገልጦ ፊቴን ሳይሆን የደማውን እግሬን አየ።

«እማ፣ ብስክሌትሽ የታለች?» አለኝ።

«ጎማዋ ተንፍሶ ነው» አልሁት። ልጄን ስዋሸው የመጀመሪያዬ ነው። ትምህርት ቤት ያሉ ትልልቅ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ በስድስት ዓመቱ ማወቅ የለበትም ብዬ ነው። ልጁ በሦስተኛው ቀን አገግሞ ወጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በዚህኛው ምስጋና ውስጥ እርስዎ የሉበትም።

አምስተኛ ብዬ የምቆጥረው እርስዎ ያደረጉትን ሳይሆን ባለቤቴ ያደረገውን ነው፤ ያለ እርስዎ ጥረት ግን ባልተደረገ ነበር። ሰኞ ጧት ሽባባው የሥራ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ተከትሎኝ መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ ተማሪውና መምህሩ እያየ፣ ንብረት ክፍሉ በር ላይ ተንበርክኮ የማጠፊያውን ብሎኖች አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። እርስዎ ከቢሮዎ ወጥተው «ምን እያደረግህ ነው?» አሉት።

«በር እየጠገንሁ» አለ፤ ቀናም አላለ።

በሩን አንሥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ብስክሌቷን አወጣ። ለሀብቱ መረከቡን በወረቀት ጽፎ ፈረመለት። ከዚያ መሄድ ሲችል አልሄደም፤ ወለሉን የሚፈገፍገውን የበሩን ግርጌ በመላጊያ ላገው፣ የላላውን ማጠፊያ ቀየረ፣ በሩን መልሶ ሰቀለው። ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። «ከእንግዲህ አይንቋረርም» አለዎትና ሣጥኑን አንሥቶ ወጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሲንቋረር የኖረ በር ነበር። ባለቤቴን የወደድሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ የዚያን ቀን ያህል ግን በሰው ፊት እንዳላለቅስ የተቸገርሁበት ቀን የለም።

የእርስዎ ምላሽ በማግሥቱ ደረሰኝ፤ እንደ ማመልከቻዎቼ መሳቢያ ውስጥ አላደረም። «ያለ ፈቃድ የሥራ ገበታን ጥሎ በመሄድ» እና «የመንግሥት ንብረት የሆነ በር እንዲፈርስ በመተባበር» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ከሱ ጋር የይቅርታ ወረቀት አያይዘው፣ ከሥሩ ስሜን ብቻ እንድሞላ ባዶ ቦታ ትተውልኛል፤ ካልፈረምሁ ከጥር ጀምሮ ጥሊሊ ማዶ ወዳለ ትምህርት ቤት እንደምዛወርም ገልጸውልኛል።

ለሁለት ሳምንት ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርሁ። አንድ ማታ ልፈርም ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍሎቹ ፈተናቸው በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ እነሱን መተው ከብዶኝ ነው። ሽባባው አየኝና «ብትፈርሚም አላዝንብሽም» አለኝ። ይህን ሲለኝ ብዕሩን አስቀመጥሁት።

ስለዚህ አልፈረምሁም። በጥር ሦስታችንም እንሄዳለን። ሽባባው ጥሊሊ ደንበኞች ስላሉት ለሥራው የሚሆን ቤት ተከራይቷል። ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት የሚወስደውን መንገድ ባለፈው እሑድ በብስክሌቴ ሄጄ አየሁት፤ ዳገቱ ይበረታል፤ ሚኒባስም አይገባበትም። እርስዎ ግቢዎን ከባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ አጽድተዋል፤ አሸንፈዋልና እንኳን ደስ አለዎት። ትናንት ለስምንተኛ ክፍል በጥር እንደምሄድ ስነግራቸው አንዷ ተማሪ «ምን አጥፍተው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ርዕሰ መምህሩን ጠይቂያቸው» አልኋት። ትመጣለች፤ ፊት ለፊት ይመልሱላት፤ በጽሑፍ አቅርቢ አይበሏት።

በሥራዎ ጽናትን፣ በወንበርዎ ምቾትን፣ በመሳቢያዎ ተጨማሪ ቦታን እየተመኘሁ፣ እስከ ጥር መባቻ ድረስ በግድ አብሬዎት የምቆየው፣ ከዚያ በኋላ ግን በደስታ ከእርስዎ የምለየው፣

የከበረ ሰላምታ አቅራቢ
ስሜነሽ ዓለምነው
መምህርት፣ የብሥራት እናት፣ የሽባባው ሚስት፣ ብስክሌት ነጂ

ማሳሰቢያ፦ ሌላ የሳይንስ መምህር ስለሌለ ክፍሌን እርስዎ ራስዎ እንደሚይዙት ከፕሮግራሙ አይቻለሁ። ተማሪዎቹ የሚጀምሩት አዲስ ምዕራፍ ስለ ሰበቃ ነው። ሁለት የተጠጉ ነገሮችን እያፋተጉ እሳት ስለ ማስነሣት ስለ ሆነ፣ ባልና ሚስት፣ አማትና ምራት ላይ ካደረጉት ልምምድ በኋላ መምሪያ መጽሐፍ አያስፈልግዎትም ብዬ መጽሐፉን ለሀብቱ አስረክቤዋለሁ።