የማያመው እብጠት

አሰላ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለመክሊት፤

እንደምን ሰነበትሽ? የአቦምሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጊው ነው የጻፍኩልሽ።

ግራ ጡቴን ውጋት እንደያዘኝ ነግሬሽ የለ? ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ሳሽበት ከረምኩ፤ ባሰብኝ። በመጨረሻ ጎረቤቴ ፈይሩዛ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ!» ብላ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ነርሷ ራሄል የምትባል ልጅ ናት። ዳሰሰችኝ፣ ዳሰሰችኝና ከጡቴ ሥር የጎድን አጥንቴን ጫን ብታደርገው ጮህኩ። «ጡትዎ አይደለም እማማ፣ ጡንቻዎ ነው። ሰሞኑን ምን ሲሠሩ ነበር?» አለችኝ። ምን ልበላት! ለሰርግሽ በርበሬ ስወቅጥ ነበራ። ስቃ ስታበቃ አስረዳችኝ። የወር አበባ ሲቃረብ ሁለቱም ጡት ይከብዳል፣ ያማል፤ ሲመጣ ይተዋል። የምታጠባ ሴት ደግሞ ወተቱ ሲቋጥርባት ጡቷ ይቀላል፣ ያተኩሳታል። አብዛኛው የጡት ሕመም ክፉ አይደለም አለችኝ።

ልነሳ ስል አፌ አላርፍ አለኝ። «የማያምም፣ እንደ ሽምብራ የጠጠረ፣ ንቅንቅ የማይል እብጠትስ?»

ሳቋ ጠፋ። «የማን ነው?»

«የልጄ።»

«ምንም ላይሆን ይችላል፤ ግን ሳይመረመር አይታወቅም። እስኪያማት አትጠብቅ እማማ፣ ክፉው ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም» አለችኝ። 

እኛ እኮ ያላመመ ሁሉ ጤና ይመስለናል! አንቺ ደግሞ «ከሰርጉ በኋላ» ትያለሽ። የእጮኛሽ ቤተሰቦች ሙሽራዋ በሽተኛ ናት እንዳይሉ ነው? ይበሉ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ያንን ሁሉ በርበሬ ለሰርግሽ እንጂ ለተዝካርሽ አልወቀጥኩም! አፌን ቁርጥ ያድርገው፤ ፈርቼ ነው ልጄ፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው።

ለእጮኛሽ ለይስሃቅ እንዳልናገር በማርያም አስምለሽኝ ነበር። እሷ ይቅር ትበለኝ፣ አፈረስኩት። ትናንት ቤት ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። «ሰርጉ ይቆያል፤ ግን ለምን ብቻዋን ፈራች?» ብሎ አለቀሰ።

ተቆጪኝ፣ አኩርፊኝ፣ እችለዋለሁ። ቸሩ መድኃኔዓለም የምስራች ያሰማን፣ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። ይህን ደብዳቤ በእጁ የሰጠሽ እሱ ነውና ፊትሽን አታዙሪበት። ጫማሽን አጥልቂና አብረሽው ነይ።

እናትሽ እታገኘሁ