እትዬ «አታጥፉት» ስለ ማረፋቸውና ኮምፒውተራቸው የጀመረውን ስለ መጨረሱ

ለሕንፃው ሠራተኞች፣ ለማኅበሩ አባላትና ማንበብ ለሚችል ሁሉ፤

የሕንፃው የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ማኅበር፣ መዝገብ ቤቱን ለሃያ ሁለት ዓመት የያዙት ባልደረባችን ባለፈው ሰኞ በድንገት ማረፋቸውን የሚያስታውቀው አንገቱን ደፍቶ ነው። ማኅበራችን መግለጫ ሲያወጣ ይህ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ማንንም ሳይለምን በገዛ አባሉ እጅ ጽፎታል። መስመሩ ቀጥ ማለቱን አንባቢ ይመስክር።

ሟች የሚሠሩት ብቻቸውን ነበር። ክፍላቸው ሁለት ወንበር አለው፤ በአንዱ እሳቸው ይቀመጣሉ፣ በሌላው ፋይል ይቆለላል። ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ። ፋይል ፈልጎ ከሚመጣ በቀር በራቸውን የሚያንኳኳ አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ቆሞ ተቀብሎ ይሄዳል።

በሃያኛው የአገልግሎት ዓመታቸው ታናሽ እህታቸውን ጡንቻን በሚያዝል በሽታ አጡ። «ሐኪሞቹ ለበሽታው ስም እንኳ አልነበራቸውም» ብለዋል። ስለ እህታቸው ከዚህ ሌላ ሲናገሩ የሰማ የለም።

በሃያ አንደኛው ዓመት፣ ያን በሽታ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ትልቁን ስሌታቸውን ቆራርጠው በኢንተርኔት ለበጎ ፈቃደኞች እንደሚያድሉ ደረሱበት። ሰው ሥራ ፈትቶ የቆመ ኮምፒውተሩን ያውሳል፤ ኮምፒውተሩም ድርሻውን አስልቶ ይልካል። በቀኑ ያልተመለሰ ድርሻ ለሌላ ይሰጣል፤ የተደከመበትን ውኃ በላው ማለት ነው። ሟች ከኃላፊው የጽሑፍ ፈቃድ ተቀብለው፣ ግምጃ ቤት የተጣለ ኮምፒውተር አስጠግነው ጀመሩ። ከሶኬቱ በላይም «እባካችሁ አታጥፉት፤ እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ቅጽል ስማቸው የመጣው ከዚህ ነው።

በዚያው ዓመት ማኅበራችን ጥፋት ፈጽሟል። መግለጫ ላይ ጥፋት መጻፍ ባይለመድም ማኅበራችን ደፋር ነው። ሕንፃውን የሚዘጋው ጥበቃ፣ ይህንንም የሚጽፈው እሱ ነው፣ አራት ወር ሙሉ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ገመዱን ሲነቅል ከርሟል። እሳቸው በየጠዋቱ ሰክተው እንደገና ይጀምራሉ። በመጨረሻ «ወንድሜ፣ ወረቀቱን አላየኸውም እንዴ?» ቢሉት፣ «አይቼዋለሁ እትዬ፣ የእጅ ጽሑፍዎ ሲያምር» አላቸው። ወረቀቱ በኮምፒውተር የተጻፈ ነበር።

አልሳቁበትም፤ ለማንም አላወሩበትም። በማግስቱ ፋይሉን ከሁለተኛው ወንበር ላይ አንሥተው ጥበቃውን አስቀመጡበት፤ ወረቀቱንም በጣታቸው እየመሩ ፊደል በፊደል አስነበቡት። ከዚያም የማታ ትምህርት አስመዘገቡት። ባለፈው ወር ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል። ክፍሉ ሰባት ሰው ነው፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። ውጤቱን መጀመሪያ ያሳየው ለእሳቸው ነበር።

ባረፉበት ዕለት በኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ድርሻ ሰባ አንድ በመቶ ደርሷል፤ የመመለሻው ቀን ዓርብ ነበር። ማክሰኞ ንብረት ክፍል ኮምፒውተሩን ሊወስድ መጣ። ማኅበራችን በሩ ላይ ቆሞ ማመልከቻ ጻፈ፤ አንድ ገጽ ሙሉ ነው፤ እስከ ዓርብ ጠዋት ተፈቀደ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስክሪኑ «ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» አለ። ቀጥሎ «ሌላ ሥራ ይቀበላሉ?» ሲል ጠየቀ። ጥበቃው አጠገቡ ነበር፤ አንብቦታል። እሺ የማለት ሥልጣን ግን አልነበረውም።

ማኅበራችን በስልክ ብቻ ለምናውቃት የእህታቸው ልጅ መጽናናትን ይመኛል። እናትሽን ከቀበሩ ወዲህ አንድ ቀን እጃቸውን አጣጥፈው እንዳልተቀመጡ እወቂ።

እንዲሁም በየአገሩ ላላችሁ፣ የሟችን ፊት ሳታዩ፣ የተመለሰ ድርሻ በሚቆጠርበት ዝርዝር ላይ ባለ ቁጥራቸው ብቻ ለምታውቋቸው በጎ ፈቃደኞች፦ ቁጥራቸው ከሐሙስ ወዲህ ባይንቀሳቀስ፣ ታክቷቸው አይደለም።

ዓርብ ጠዋት ገመዱን የነቀለው ያው ጥበቃ ነው፤ በዚህ ጊዜ ወረቀቱን አንብቦ። ወረቀቱን ከባዶው ሶኬት በላይ እንዳለ ትቶታል። አዲስ የሚመደብ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ በር ላይ ያለውን ጥበቃ ያናግር።

የማኅበሩ ጸሐፊ