ጢሞ የራሱን አወጣ

ባልንጀራዬ፣ ዛሬ ያየሁትን በማስታወሻ ደብተሬ ብቻ ማስቀረት አልሆነልኝም። ለጥገና ሱቄ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ልመርጥ የገባሁበት ክፍል ውስጥ ሁለት የዓመታት ተቀናቃኞች፣ አንዲት ሴትና አንድ ሰውዬ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሠርተዋል፤ አሁን አዋህደው አንድ ሊያደርጉት ነው። የቀረው ክርክር ከርነል የሚሉት ልቡ የማን ይሁን የሚለው ነበር። ሰው ተሰብስቦ እያየ አንድ አሮጌ ማሽን ላይ ሁለቱንም ሞከሩ። የሴትዮዋ በአርባ ሴኮንድ ተነሣ፤ ጢሞ የሚሏቸው የሰውየው ሦስት ደቂቃ ፈጀ።



“የእኔን አውጡት” አሉ ጢሞ።

“ጋሼ፣ የሰባት ዓመት ልፋትዎ እኮ ነው!” አለቻቸው።

“ብለፋበትም ቀርፋፋ ነው። ግን ሲስተሙን ማሽን ላይ የሚያስገባው ማስጫኛ የእኔ ነው፤ እኔ በር ካልከፈትኩልሽ የትም አትገቢ!”

ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ። እኛ ገበያ ቢሆን ደንበኛውን ግራና ቀኝ ስንጎትት እጅጌው በተቀደደ ነበር። ሃያ ሰው ፊት የራሱን ሥራ እንዲህ የጣለ ሰው አይቼ አላውቅም።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። እናትህን እጅ ንሣልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ያኮረፍኩትን ከሱቄ ፊት ለፊት ያለውን ባለ ጥገናም ሰላም በልልኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ በሙያው ከእኔ ይበልጣል።