የእማዬ ዓይንና የአባባ ቴሌቪዥን

ለምወድሽ እህቴ ውዳሴ፤

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብሽ ይብዛልሽ። እንደምን ከርመሻል? ጸጋአብስ ወገቡን ተሻለው? ልዑልቃል ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ሙሽራዋ ልጅሽ ቤተልሄምስ አዲሱን ጎጆዋን ለመደችው? የጂንካ ሙቀት እንዴት አድርጓችኋል? እኛ እዚህ መካኒሳ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ያው እንደምታውቂው ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው ጤናዋ ደህና ነው።

ሌላው ጤናዋ ስል ዓይኗንም ጨምሬ ነው። ባለፈው እሑድ በስልክ «የእማዬ ዓይን እንደገና ደክሟል፣ የሞራው ቀዶ ጥገና አልያዘላትም መሰለኝ» ብዬ አስለቅሼሻለሁ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቀሽ ልትመጪ እንደሆነም ሰምቻለሁ። ፈቃዱን ተዪው። የነገርኩሽ ስህተት ነበር፤ ስህተቱም የእኔ ነው። እማዬ «በአፍህ ያበላሸኸውን በእጅህ ጽፈህ አስተካክል፣ በስልክ ስታወራ ትቸኩላለህ» ስላለችኝ፣ ዕቃሽን ያመጣልን ሮበሌ ሐሙስ ወደ ጂንካ ከመመለሱ በፊት ይህን ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁ።

ሮበሌ የላክሽልንን የቪዲዮ ማጫወቻና የሠርጉን ፍላሽ በደህና አድርሶልናል። ችግሩ ማጫወቻው ያለው አንድ ኤችዲኤምአይ የሚሉት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ብቻ መሆኑ ነው። የአባባ ቴሌቪዥን ጀርባ ላይ ደግሞ ክብ ክብ ባለ ቀለም ቀዳዳ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በ1998 አባባ ሲገዛው በሰፈሩ ኤችዲ የሚለውን ቃል የሚያውቅ እሱ ብቻ እንደነበር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥርም እንዴት እንደሚያብራራ ታስታውሺያለሽ። አሁን ግን የጠየቅኋቸው ባለሱቆች ሁሉ «ጋሼ፣ ይሄ ጊዜው አልፎበታል፣ ይጣሉት» አሉኝ። አምሳለም እንደ ሚስት ወጓ አዲስ ግዛ አለችኝ። እማዬ ግን አባታችሁ የመረጠው ዕቃ እስኪበላሽ ድረስ ከቦታው አይነሳም ብላ ቁርጡን ነገረችን። በስልክ ልናሳያትም ሞክረን ነበር፤ «ቤቲ ጉንዳን አክላለች፣ እኔ ፊቷን ነው ማየት የምፈልገው» አለች። ሠርጉ ላይ ጉልበቷ አስቀርቷታል፤ እኔና አምሳለም እሷን ትተን መምጣት አልቻልንም፤ ይህም ቢቀርባት እንዴት እንደሚቆጫት አንቺ ታውቂያለሽ።

በመጨረሻ ናፍቆት የምትባል ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አገኘሁ። ከታክሲ ማዞሪያው ጀርባ ጠባብ ሱቅ አላት። ጣሉት ሳትል፣ ከአዲሱ ማጫወቻ የሚወጣውን ምስል ለአሮጌው ቴሌቪዥን የሚቀይር ኮንቨርተር የሚባል ትንሽ ሳጥን ሰጠችኝ። መጥታ ልትገጥምልኝም ፈልጋ ነበር። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ሦስት የምስል ገመድ መሰካት አያቅተኝም ብዬ ኮራሁባት።

ቅዳሜ ከሰዓት ከቡፌውና ከግድግዳው መሃል ተወሽቄ ሰካሁት። ምስሉ መጣ። ቤቲ ነጭ ለብሳ በአዳራሹ በር ስትገባ ሁላችንም አጨበጨብን። ትንሽ ቆይቶ መዘምራኑ ሲቆሙ እማዬ «አመድ የመሰለ ልብስ የለበሱት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ግራጫ ነው እማዬ፣ ዘንድሮ እንዲህ ነው ፋሽኑ አልኳት። የመዘምራኑን ልብስ እንድትሰፊው ጨርቁን ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቅ መርጣ፣ ራሷ በሲባጎ አስራ የላከችልሽ እሷ ናት፤ እኔና አምሳለ ቀለሙን አላየነውም። «ሰማያዊ ነበር እኮ» ስትል እኔና አምሳለ ተያየን። መተያየታችንን አየች። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም፤ «እንግዲህ ዓይኔ ነው» ብላ ጠብታዋን ከመሳቢያ አወጣች። በማግስቱ መጽሐፍ ቅዱሷን ለአምሳለ ሰጥታ አንብቢልኝ አለቻት። ላንቺም የደወልኩት ያኔ ነው። የልብሱ ቀለም ምንድን ነው ብዬ አንድ ጥያቄ ብጠይቅሽ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ግን አልጠየቅኩሽም።

ማክሰኞ ዕለት ምስሉ ብልጭ ድርግም እያለ ሲያስቸግረን ናፍቆትን ጠራኋት። የዚህችን ልጅ አሠራር ብታዪ ትገረሚ ነበር። ገመድ ከመንካቷ በፊት ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አዘውትሮ የሚያየው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያም እማዬ አጠገብ ቁጭ ብላ «እማማ፣ እስኪ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምን ይታይዎታል፣ ምንስ ጠፋብዎት?» አለቻት። እኔ ከኋላ ሆኜ ዓይኗ ደክሟል ለማለት ዓይኔን እየነካሁ ምልክት እሰጣታለሁ። ናፍቆት አይታኝ እንዳላየች ሆነች። እማዬ አንገቷን ደፍታ «ሰማያዊ ጠፋብኝ ልጄ» አለች። ናፍቆት የመስኮቱን መጋረጃ አሳይታ ይሄስ ምን ቀለም ነው አለቻት። ሰማያዊ ነው አለች እማዬ። «እንግዲያው የጠፋው እርስዎ ጋ አይደለም» ብላ ተነሳች።

ከቦርሳዋ ትንሽ መስታወት አውጥታ የቴሌቪዥኑን ጀርባ አየችና ሳቋ መጣ። «ጋሽ ላቀው፣ ገመድ ነው የሰኩት ወይስ ባንዲራ ነው የሰቀሉት?» አለችኝ። ለካስ ሠላሳ ዓመት ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤት ባንዲራ ያወጣ እጄ፣ በጨለማው ውስጥ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብሎ ሰክቶ ኖሯል። ሰማያዊው ገመድ ቢጫው ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል፤ የራሱ ሰማያዊ ቀዳዳ ባዶውን ተቀምጧል። ነቅላ ወደ ቦታው መለሰችው። ብልጭ ድርግም ማለቱንም ማጫወቻውን ቴሌቪዥኑ በሚችለው የምስል መጠን አስተካክላ አቆመችው። «ቴሌቪዥኑ ጤነኛ ነው፣ የሚችለውን የሚጠይቀው ሰው ነው ያጣው» አለች። ይህን አባባ ቢሰማ ለጎረቤት ሁሉ ያወራው ነበር።

አሥራ ሁለቱም መዘምራን በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆኑ። እማዬ ጉልበቷን ረስታ ብድግ አለችና ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች። መዘምራኑን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ «ከግራ ሦስተኛዋ ቀሚሷ ከታች ተጣሟል። ውዳሴ ቸኩላ ነው የሰፋችው» አለች። እኔ ገመድ የማይ መስዬ ቡፌው ጀርባ አለቀስኩ። እናቴ ያየችውን አላየሽም ብዬ ሦስት ቀን ዓይኗን ስላስጠረጠርኳት አፈርኩ። ናፍቆት ስትወጣ እማዬ እጇን ይዛ እስክትጠግብ መረቀቻት፤ እኔም በልቤ አሜን አልኩ። አሁን መጽሐፍ ቅዱሷን ራሷ ታነባለች፣ ሠርጉንም ከአራት ጊዜ በላይ አይታዋለች።

ለጸጋአብ፣ ለልዑልቃል፣ ለቤቲና ለባለቤቷ ለጆኒ እጅግ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አምሳለ ሁላችሁንም ስማችኋለች፤ ቲማቲም ተወዷል ብለህ ንገርልኝም ብላኛለች። ከታች ያለው የእማዬ የእጅ ጽሑፍ ነው። ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጥቁሩን እስክሪብቶዬን መልሳ ሰማያዊ ካላመጣህ አልጽፍም ብላኛለች።

ወንድምሽ ላቀው
መካኒሳ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውዳሴ ልጄ፣ አየኋት። ቤቲ አምሮባታል። የሦስተኛዋን ጫፍ ፍቺና እንደገና ስፊው። እናትሽ ማሚቴ።